ሦስቱ ኮከቦች የት ደረሱ?

ለዛሬው ትምህርታችን ደብተርና እርሳስ ብቻ አይበቃንም፤ ጋቢም ያስፈልገናል። ምክንያቱም የምንማረው ከቤት ውጭ፣ በምሽት፣ ወደ ሰማይ እያየን ነው። በታኅሣሥና በጥር ምሽት በሰማይ ላይ ምን እንደሚታይ አብረን እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ግን በልጅነቴ የሆነውን ላጫውታችሁ። የቆሎ ተማሪ ሳለሁ የኔታ ዓይናቸው አያይም ነበር። ሰማዩ ጥርት ባለበት በበጋ ሌሊት ከእኛ ከልጆቹ አንዱን ይቀሰቅሱና፣ «እስቲ ወጥተህ ሦስቱ ኮከቦች የት እንደ ደረሱ አይተህ ንገረኝ» ይሉ ነበር። የወጣው ልጅ «አናት ላይ ናቸው» ካለ ገና ነው፤ እንተኛለን። «ወደ ምዕራብ አዘንብለዋል» ካለ ግን እንነሣለን። በጥር አጋማሽ ሦስቱ ኮከቦች በምዕራብ የሚጠልቁት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ኮከቦቹ ሲያዘነብሉ ከተነሣን ለኪዳን ጸሎት በጊዜ እንደርሳለን።

አንድ ሌሊት ተራው የእኔ ሆነ። በዚያው ምሽት ኮከብ ሲወድቅ አይቼ ነበርና ታላላቆቹ ተማሪዎች፣ «ኮከብ ሲወድቅ ሰው ይሞታል» ብለው አስፈራርተውኛል። እኔም ከጎጆው ደጃፍ አላለፍሁም። ጥቂት ቆሜ ተመለስሁና፣ «የኔታ፣ ገና አናት ላይ ናቸው» አልኋቸው። እሳቸውም አመኑኝ። የነቃነው ደወል ሲደወል ነው፤ ጸሎቱ ተጀምሮ ደረስን። የኔታ አልገረፉኝም። «ልጄ፣ ኮከቦቹ መንገዳቸውን አልሳቱም፤ ያላየኸውን አየሁ ያልኸው አንተ ነህ» ብቻ አሉኝ። ከአለንጋው ይልቅ ይህ ንግግር ከበደኝ።

እንግዲህ ልጆች፣ ይህን ትምህርት የምጽፍላችሁ እናንተ እንደ እኔ እንዳትፈሩና ያላያችሁትን አየን እንዳትሉ ነው።

1. ለምን በታኅሣሥና በጥር?

በውጭ አገር የተጻፉ መጻሕፍት አሁን የምንማረውን ሰማይ «የክረምት ሰማይ» ይሉታል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት የብርድና የበረዶ ወራት ናቸውና። በእኛ አገር ግን ክረምት ሲባል ዝናብና ጭጋግ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ኮከብ ለማየት አይመችም። እነርሱ ክረምት የሚሉት ጊዜ ለእኛ በጋ ነው። እህል ይወቃል፤ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሰማዩም ይጠራል።

ደግሞም በእነዚህ ወራት ከቤት የምንወጣባቸው ሌሊቶች አሉን። አንዱ የገና ዋዜማ ሌሊት ነው። ሌላው ጥር 10 ቀን ታቦታቱ በድንኳን የሚያድሩበት የከተራ ሌሊት ነው። በእነዚህ ሌሊቶች ከወላጆቻችሁ ጋር ስትወጡ ቀና ብላችሁ እዩ።

2. ከመውጣታችሁ በፊት

ብቻችሁን አትውጡ። ከአባታችሁ፣ ከእናታችሁ ወይም ከታላቅ ወንድማችሁ ጋር ሁኑ። ጋቢ ልበሱ፤ የጥር ብርድ ቀላል አይደለም። ከመንገድ መብራትና ከቤት አምፖል ራቁ፤ ካልሆነም መብራቱ በግድግዳ ወይም በዛፍ የሚከለልበትን ቦታ ፈልጉ።

ከዚያ በኋላ ታገሡ። ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። እንደ ወጣችሁ 30 ኮከብ የቈጠረ ልጅ ትንሽ ቢቈይ መቶዎቹን ያያል። በእጃችሁ ባትሪ ካለ ብርሃኑ ዓይናችሁን እንዳይመልሰው በቀይ ፌስታል ሸፍኑት። ጨረቃ ሙሉ በሆነችባቸው ሌሊቶች ትንንሾቹ ከዋክብት በብርሃኗ ስለሚዋጡ ጨረቃ የሌለችበትን ምሽት ብትመርጡ ይሻላል።

3. ሦስቱ ኮከቦች

በታኅሣሥ መጨረሻ ወይም በጥር ወር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አዙራችሁ ቁሙ። ምሥራቅን ለማወቅ የምትቸገሩ ከሆነ የቤተ ክርስቲያናችንን ቅዱስ ሐሳብ አስቡ፤ ስንጸልይ ፊታችንን የምንመልሰው ወደ ምሥራቅ ነው። ከዚያ ቀና በሉ። ብሩህነታቸው የሚመሳሰል፣ እንደ ተሰለፉ ልጆች የተጠጋጉ ሦስት ኮከቦች ታያላችሁ። የኔታ የሚጠይቁን ስለ እነዚህ ነበር።

በሦስቱ ዙሪያ፣ ትንሽ ራቅ ብለው፣ አራት ኮከቦች እንደ ሳጥን ማዕዘን ቆመዋል። የጥንት ሰዎች ይህን ስብስብ የአዳኝ ሰው መልክ ሰጥተው ኦሪዮን ብለውታል። ሦስቱ ኮከቦች የአዳኙ መቀነት ናቸው። ኦሪዮን የሚለውን ስም በመጽሐፍ ቅዱሳችንም ታገኙታላችሁ። ኢዮብ ምዕራፍ 9 ቍጥር 9፣ ምዕራፍ 38 ቍጥር 31፣ እንዲሁም አሞጽ ምዕራፍ 5 ቍጥር 8 ከፍታችሁ አንብቡ። ኢዮብና አሞጽ ያዩት ኦሪዮን ይኸው ከደጃችሁ የሚታየው ነው።

አሁን የሳጥኑን ማዕዘኖች እዩ። በስተግራ ያለው ደማቁ ኮከብ ቀላ ያለ ነው፤ ስሙ ቤቴልጅዩስ ይባላል። በስተቀኝ ያለው ደማቁ ኮከብ ነጭ ሆኖ ሰማያዊ ይመስላል፤ ስሙ ሪጄል ነው። ቀለማቸው ለምን ተለያየ? ቀጥቃጭ ብረት ሲያግል አይታችሁ እንደ ሆነ መልሱን ታገኙታላችሁ። ብረቱ በመጀመሪያ ይቀላል፤ ወናፉ እየነፋ ይበልጥ ሲግል ግን ወደ ነጭነት ይለወጣል። ከዋክብትም እንዲሁ ናቸው፤ ቀዩ ኮከብ ከነጩና ከሰማያዊው ይልቅ ሙቀቱ ያነሰ ነው። ሆኖም ቤቴልጅዩስ እጅግ ግዙፍ ነው። በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ ኖሮ ምድራችን የምትሄድበትን መንገድ እንኳ ይውጠው ነበር።

ይህ ቀይ ኮከብ በ2012 ዓ.ም. ሰዎችን አስደንግጦ ነበር። በዚያ ዓመት በበጋ ወራት ብርሃኑ እየደከመ ሄዶ የካቲት መጀመሪያ ገደማ ከወትሮው ከግማሽ በታች ሆነ። «ሊፈነዳ ነው» ያሉም ነበሩ። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ግን በየሌሊቱ እያዩ ያዩትን ይጽፉ ነበር። በኋላም ኮከቡ ወደ ብርሃኑ ተመለሰ። ምክንያቱ ሲመረመር ከራሱ ከኮከቡ የወጣ የአቧራ ደመና ስለ ሸፈነው ሆኖ ተገኘ። ልጆች፣ መደንገጥና ማየት ምን ያህል እንደሚለያዩ ከዚህ ተማሩ።

ከሦስቱ ኮከቦች በስተቀኝ ደግሞ ትንንሽ ኮከቦች ተያይዘው ይታያሉ። በመካከላቸው እንደ ጭጋግ የደበዘዘ ነገር አለ። ጨለማ በሆነ ቦታ በዓይን ብቻ ይታያል። ይህ ከጋዝና ከአቧራ የተሞላ ታላቅ ደመና ነው፤ በውስጡም አዳዲስ ከዋክብት ይፈጠራሉ።

4. ከሦስቱ ወደ ሌሎቹ

ሦስቱን ኮከቦች ያወቀ ልጅ የሰማዩን ቁልፍ ይዟል። እነርሱ የሠሩትን መሥመር በዓይናችሁ አስረዝሙት።

መሥመሩን ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ብትከተሉት ከሁሉ የሚያበራ አንድ ኮከብ ታገኛላችሁ። ይህ ሲሪየስ ነው። በሌሊት ሰማይ ላይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ እርሱን በብርሃን የሚበልጠው የለም። ከአድማስ ብዙ ሳይርቅ ስታዩት አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ቀይ እየመሰለ ይንቀጠቀጣል። ቀለሙን የሚለዋውጠው ኮከቡ ራሱ ሳይሆን ብርሃኑ የሚያልፍበት የምድራችን አየር ነው።

መሥመሩን ወደ ላይ፣ ወደ ግራ ብትከተሉት ደግሞ ብርቱካንማ ቀለም ያለው ኮከብ ታገኛላችሁ፤ ስሙ አልደባራን ይባላል። ቃሉ ዐረብኛ ሲሆን ትርጕሙ «ተከታይ» ማለት ነው። ማንን ነው የሚከተለው? ዓይናችሁን ጥቂት ከፍ አድርጉ። እንደ ወይን ዘለላ የተጠጋጉ ትንንሽ ኮከቦች አሉ። በመጽሐፍ ቅዱሳችን ሰባቱ ከዋክብት የተባሉት እነዚህ ናቸው። በየሌሊቱ እነርሱ ቀድመው ይወጣሉ፤ አልደባራን ይከተላቸዋል።

እዚህ ላይ ዓይናችሁን ፈትኑ። ስንት ትቈጥራላችሁ? ብዙ ሰው የሚያየው ስድስት ነው። ዓይኑ የጠራ ሰባትም ከዚያ በላይም ያያል። በቴሌስኮፕ ግን በመቶ የሚቈጠሩ ናቸው። ስሙ «ሰባቱ» ነው ብላችሁ ሰባት አየን አትበሉ፤ ስድስት ያየ ልጅ ስድስት ብሎ ይጻፍ።

በስተግራ፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ካፔላ የተባለ ብሩህ ኮከብ አለ። ከእርሱ ወደ ታች ወደ አድማስ ጠጋ ብለው ደግሞ ካስተርና ፖሉክስ የሚባሉ ሁለት ኮከቦች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ መንትዮቹ ይባላሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ከመላጥያ ደሴት ወደ ሮም ሲሄድ የተሳፈረበት የእስክንድርያ መርከብ የእነዚህ የመንትዮቹ ምልክት ነበረበት። ይህን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ቍጥር 11 ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞር በሉ። ዝቅ ብሎ፣ ከተራራው በላይ፣ ካኖፐስ የተባለ ኮከብ አለ። በብርሃን ከሲሪየስ ቀጥሎ ሁለተኛው እርሱ ነው። በለንደን ወይም በዋሽንግተን የሚኖሩ የአክስት ወይም የአጎት ልጆች ካሉአችሁ ስለ እርሱ ጻፉላቸው። ኦሪዮንን እነርሱም ያያሉ፤ ካኖፐስን ግን ከዚያ ሆነው ሊያዩት አይችሉም፤ በደቡብ በኩል ከአድማስ በላይ አይወጣላቸውምና።

የገና ዋዜማ ሌሊት ደግሞ ልዩ ነገር አለው። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ሲሪየስ በደቡብ በኩል ከፍታው ጫፍ ላይ ይደርሳል። ካኖፐስም ከበታቹ ይቆማል። ከሰማይ ከዋክብት በብርሃን አንደኛውና ሁለተኛው አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆነው ይታያሉ ማለት ነው። ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ወጣ ብላችሁ ፊታችሁን ወደ ደቡብ መልሱና አረጋግጡ።

5. ኮከብ ነው ወይስ ሌላ?

በሰማይ ላይ የሚያበራ ሁሉ ኮከብ አይደለም። ብርሃኑ ጸጥ ያለ፣ እንደ ሲሪየስ የማይንቀጠቀጥ ደማቅ ነገር ካያችሁ ፕላኔት ሊሆን ይችላል። ፕላኔቶች እንደ ምድራችን ፀሐይን የሚዞሩ ናቸው፤ የራሳቸው ብርሃን የላቸውም። ቬኑስና ጁፒተር ሲታዩ ከሲሪየስም ይበልጣሉ። ሰዎች የአጥቢያ ኮከብ የሚሏት ቬኑስን ነው። ፕላኔቶች ከወር ወር፣ ከዓመት ዓመት ቦታቸውን ስለሚለውጡ «እዚህ ቦታ ፈልጓቸው» ብዬ በመጽሐፍ ልጽፍላችሁ አልችልም።

ሳይበልጭ፣ ሳይጮኽ፣ በዝግታ ከአንድ ወገን ወደ ሌላው የሚሄድ ነጥብ ካያችሁ ደግሞ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ነው። አገራችንም የመጀመሪያዋን ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር አስወንጭፋለች።

6. ብርሃኑ ስንት ዓመት ተጓዘ?

ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከፀሐይ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ገደማ ይወስድበታል። ከሲሪየስ ለመድረስ ግን 8 ዓመት ከመንፈቅ በላይ ይፈጅበታል። እንግዲህ ከእናንተ መካከል 9 ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ማታ ሲሪየስን ቢያይ፣ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ጕዞውን የጀመረው እርሱ በእናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ሳለ ነው።

የሰባቱ ከዋክብት ብርሃን ደግሞ 440 ዓመት ያህል ተጕዟል። ብርሃኑ ከዚያ ሲነሣ በአገራችን የነገሡት አፄ ሠርፀ ድንግል ነበሩ። ከኦሪዮን ጭጋግ የሚመጣው ብርሃን ከ1,300 ዓመት በላይ በመንገድ ላይ ቈይቷል። ሰማይን ስናይ የምናየው የቀድሞውን ዘመን ብርሃን ነው።

7. ከዋክብት በየቀኑ ለምን ይቀድማሉ?

አንድ ኮከብ ዛሬ ከወጣበት ሰዓት ነገ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይወጣል። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። 4 ደቂቃ በ30 ሲባዛ 120 ደቂቃ፣ ማለትም 2 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ኮከቦች በየወሩ 2 ሰዓት ይቀድማሉ።

ሦስቱን ኮከቦች ተከታተሉ። ታኅሣሥ 1 ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከምሥራቅ ብቅ ይላሉ። ጥር 1 ቀን በዚያው ሰዓት ወደ አናት የሚወስደውን መንገድ ሲሶውን ሄደው ታገኟቸዋላችሁ። የካቲት 1 ቀን ሁለት ሦስተኛውን ይሄዳሉ። መጋቢት 1 ቀን አናታችሁ አጠገብ ይደርሳሉ። በግንቦት መጨረሻ ከፀሐይ ጋር አብረው ስለሚጠልቁ አይታዩም።

ይህ ለምን ሆነ? ደመራን አስቡ። በመስቀል ዋዜማ ደመራው ሲበራ ጀርባችሁን ለእሳቱ ሰጥታችሁ ዙሪያውን ብትሄዱ፣ አንድ ጊዜ ከፊታችሁ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ቀጥሎ ዛፎቹን፣ ቀጥሎም ገበያውን ታያላችሁ። ዛፎቹና ገበያው ከቦታቸው አልተነሡም፤ የዞራችሁት እናንተ ናችሁ። እሳቱ ፀሐይ ነው፤ እናንተ ምድር ናችሁ። ሌሊት ማለት ለፀሐይ ጀርባችንን የምንሰጥበት ጊዜ ነው። በታኅሣሥና በጥር ጀርባችንን ለፀሐይ ስንሰጥ ፊት ለፊታችን ኦሪዮን ይሆናል። በሰኔ ግን ኦሪዮን ያለው ከእሳቱ ማዶ ስለሆነ ልናየው አንችልም።

8. የሰሜን ኮከብ

የሰሜን ኮከብ ሌሊቱን ሙሉ ከቦታው የማይነቃነቅ እስኪመስል ድረስ በሰሜን ጸንቶ ይኖራል። ብዙ ሰው ከሁሉ የሚደምቀው እርሱ ይመስለዋል፤ አይደለም፤ መካከለኛ ብርሃን ያለው ነው።

በሰማይ ላይ የምንለካው በእጃችን ነው። ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን ብታዩት ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው 10 ዲግሪ ያህል ይሆናል። በአዲስ አበባ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ አንድ ጭብጥ አይሞላም፤ እንጦጦ ወይም ዛፍ በቀላሉ ይሸፍነዋል። በአክሱም አንድ ጭብጥ ተኩል ያህል ነው። በኢየሩሳሌም ያሉት የዴር ሡልጣን መነኮሳት ግን ከሦስት ጭብጥ በላይ ከፍ ብሎ ያዩታል። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በራቅን ቍጥር ኮከቡ ከፍ ይላል። ስለዚህ መንገደኛ ከፍታውን ለክቶ የት አገር እንደ ደረሰ ያውቅበት ነበር።

9. የሚወድቀው ኮከብ ምንድር ነው?

አሁን እኔን ወዳስፈራኝ ነገር እንመለስ። ኮከብ ሲወድቅ ያየን ሲመስለን የወደቀው ኮከብ አይደለም። በሰማይ ጠፈር ውስጥ የሚበር፣ ብዙውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት ወይም ከጠጠር የማይበልጥ ነገር ነው። በብዙ ፍጥነት ወደ ምድራችን አየር ሲገባ ይግልና ያበራል፤ ከዚያም ይጠፋል። ይህ የሚሆነው ከምድር ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው።

በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 እና 5 ቀን ገደማ እነዚህ ተወርዋሪዎች ይበዛሉ። ጨለማ በሆነ ቦታ ሆናችሁ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብትመለከቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ልታዩ ትችላላችሁ። ከመንትዮቹ ኮከቦች አካባቢ የሚነሡ ይመስላሉ። ፋኤቶን የተባለ ዐለታማ አካል በፀሐይ ዙሪያ ሲሄድ የተወው ፍርፋሪ ነው። ምድራችን በየዓመቱ በዚያው ቀን በፍርፋሪው መካከል ታልፋለች። አንድ ሰው መቼ እንደሚሞት የሚያውቅ ኮከብ የለም፤ የተወርዋሪዎቹ ቀን ግን አስቀድሞ ይታወቃል።

ይህን ራሳችሁ ልታረጋግጡ ትችላላችሁ። የኦሪዮንን ሰባት ኮከቦች፣ ሦስቱን የመቀነቱንና አራቱን የማዕዘኑን፣ ቍጠሩ። ተወርዋሪ ካያችሁ በኋላ ደግማችሁ ቍጠሩ። ሰባቱም አሉ። በማግሥቱም ውጡና ቍጠሩ። አንድም አልጐደለም። እኔ ያን ሌሊት ሦስት እርምጃ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ይህን አይ ነበር።

10. ከዋክብትና ኮከብ ቆጠራ

አንዳንድ ልጆች «ሰብአ ሰገልን የመራው ኮከብ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው መልካም ነው። የቤተ ክርስቲያን መምህራን እንደሚያስተምሩን ያ ኮከብ እንደ ሌሎቹ ከዋክብት አልነበረም። ሌሎቹ ከምሥራቅ ወጥተው ወደ ምዕራብ ሲሄዱ እርሱ ሰዎቹን እየመራ ሄዶ ሕፃኑ ባለበት ቦታ ላይ ቆመ። ስለዚህ ዛሬ በሰማይ ላይ ብንፈልገው አናገኘውም።

ሌሎች ደግሞ «ኮከብህ ሠውር ነው፤ ኮከብሽ ሚዛን ነው» እያሉ ዕድል የሚነግሩ ሰዎችን ሰምተዋል። ልጆች፣ ሠውር እኛ ዛሬ ያየነው የአልደባራንና የሰባቱ ከዋክብት ሰፈር ስም ነው። ብርሃኑ ከመቶ ዓመታት በፊት የተነሣ ኮከብ ስለ ነገ ፈተናችሁ ወይም ስለ እናታችሁ ጤና የሚያውቀው ነገር የለም። ከዋክብትን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ከዋክብትን መጠንቈል ሌላ ነገር ነው። አባቶቻችን የመጀመሪያውን ወደዱ፤ ሁለተኛውን ከለከሉ። በባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ ቈጥረው በዓላትንና አጽዋማትን አወጡ። መጽሐፈ ሄኖክም ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ድረስ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት አካሄድ ይናገራል። የዚህ መጽሐፍ ሙሉው ቃል ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ነው።

ዛሬም በእንጦጦ ተራራ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የ1 ሜትር ስፋት ያላቸው መስታወቶች የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ከእናንተ መካከል በዚያ የሚሠራ ይኖር ይሆናል። ያም ሰው ቢሆን ሥራው የኔታ ያዘዙኝ ነው፤ ወጥቶ ማየት፣ ያየውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ መናገር።

የቤት ሥራ

በሚቀጥሉት ሰባት ቀናት ውስጥ በሦስት ምሽቶች፣ ከታላቅ ሰው ጋር ሆናችሁ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ውጡ። በደብተራችሁ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሦስቱ ኮከቦች ያሉበትን ቦታ ከነከፍታቸው በጭብጥ ለክታችሁ ጻፉ። ደመና ከነበረ «ደመና ነበር» ብላችሁ ጻፉ። እንቅልፍ ወስዷችሁ ካልወጣችሁም «አልወጣሁም» ብላችሁ ጻፉ፤ ለዚህ ማርክ አልቀንስም።

ጥያቄዎች

1. በአውሮፓ «የክረምት ሰማይ» የሚባለውን እኛ በየትኛው ወቅት እናየዋለን?
2. በሦስቱ ኮከቦች መሥመር ሲሪየስንና ሰባቱን ከዋክብት እንዴት ታገኛላችሁ?
3. ቀይ ኮከብና ነጭ ኮከብ ሙቀታቸው እንዴት ይለያያል? በምን ምሳሌ ታስረዳላችሁ?
4. ታኅሣሥ 1 ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚወጣ ኮከብ ጥር 1 ቀን በስንት ሰዓት ይወጣል?
5. ሰባቱን ከዋክብት ስትቈጥሩ ስንት አገኛችሁ? ያያችሁትን ብቻ ጻፉ።
6. ታናሽ ወንድማችሁ ተወርዋሪ ኮከብ አይቶ ቢፈራ ምን ብላችሁ ታስረዱታላችሁ? ምንስ ታሳዩታላችሁ?

መልሳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አንድ ላይ እናነበዋለን። የኔታ ዛሬ በሕይወት የሉም። ነገር ግን በጥር ሌሊት ከቤት በወጣሁ ቍጥር «የት ደረሱ?» ሲሉ የምሰማቸው ይመስለኛል። እኔም ቀና ብዬ ሳላይ አልመልስም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።